ሠላሳኛው መብራት

ከመጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የትምህርት ቤቱ አርባ ታብሌቶች ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ወጥተው በአሥራ ሁለተኛ «ሀ» ክፍል የኋላ ግድግዳ ላይ በቆመ የብረት ሳጥን ውስጥ መቀመጥ፣ እዚያው ቻርጅ መደረግና ለሦስት ለሦስት ተማሪ አንድ አንድ እየሆኑ መታደል ጀመሩ። ከዚያ በፊት ስድስት ወር ሙሉ በካርቶናቸው እንደታሸጉ ከርዕሰ መምህሩ ከአቶ መክብብ ጠረጴዛ ጀርባ ተደርድረው ከርመዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ይገለጣሉ፣ እንግዳው ሲሄድ ይሸፈናሉ። እንዲወጡ በየስብሰባው እየተነሣች የተከራከረችው የባዮሎጂ መምህርቷ አያልነሽ ነበረች። በወጡ ጊዜም ቁልፉም፣ መዝገቡም፣ ኃላፊነቱም ለእርሷ ተሰጠ።

ሳጥኑ አራት መደርደሪያ አለው። በእያንዳንዱ መደርደሪያ ላይ አሥር ጠባብ ክፍተቶች አሉ፤ ታብሌቶቹ እንደ መጽሐፍ በጎናቸው ይገባሉ። ከየክፍተቱ አንድ የቻርጀር ገመድ ይወጣል፤ ከገመዱ በላይ ምስር የምታህል አረንጓዴ መብራት አለች። ገመዱ የያዘው ነገር ቻርጅ ሲያደርግ መብራቷ ትበራለች፤ ባዶ ከሆነ ጨለማ ናት።

በሳጥኑ በር ላይ ሦስት ደንቦች ተለጥፈዋል። ቁልፉ ከኃላፊዋ እጅ አይወጣም። ከታብሌት በቀር ሌላ ዕቃ አይሰካም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያልተመለሰ ታብሌት ካለ የሚጋሩት ሦስቱ ተማሪዎች እስከ ብሔራዊ ፈተናው ድረስ ከአገልግሎቱ ይታገዳሉ። ሦስቱንም ደንቦች ረቂቁን ጽፋ፣ ቃላቸውን መዝና ያጸደቀቻቸው አያልነሽ ራሷ ናት።

የዘንድሮው ፈተና በወረቀት ሳይሆን በስክሪን እንደሚሆን ከተነገረ ወዲህ ትምህርት ቤቱ ባለባት በጉኑኖ ከተማ ከዚያ ሳጥን የበለጠ የሚፈለግ ዕቃ አልነበረም። መቶ ሃያ ተማሪዎች አብዛኞቹ ስክሪን የሚነኩት እዚያ ብቻ ነው። ጣታቸው ስክሪኑን እስኪለምድ፣ ጥያቄ መዝለልና ወደ ኋላ መመለስ እስኪችሉ ድረስ ሦስቱ በየተራ፣ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ ይለማመዳሉ። የአንዱ ተራ ሲደርስ የሁለቱ አንገት ይሰግጋል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አያልነሽ ሲመለሱ እያንዳንዱን ታብሌት ታወጣና ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር እያነበበች በመዝገቡ ላይ ምልክት ታደርግ ነበር። ይህ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ወደ ሶዶ የሚመለሰው የመጨረሻው ሚኒባስ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣል፤ ሶዶ ላይ ዓይኖቻቸው እየደከሙ የሄዱ እናቷ፣ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ፣ ምድጃው አጠገብ ብቻቸውን ናቸው። ከሚያዝያ ጀምሮ መብራቶቹን መቁጠር ለመደች። በሩ ላይ ቆማ ታያለች፤ አሥር፣ አሥር፣ አሥር፣ አሥር። አርባው ከበራ አርባው ገብቷል። ከዚያ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች ትሞላና ትሮጣለች።

ወደ ሶዶ ለመዛወር ካመለከተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። የቀራት የርዕሰ መምህሩ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ደብዳቤው ተተይቦ በአቶ መክብብ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። «ፈተናው ይለፍ፣ ንብረቱን በሰላም አስረክቢኝ፣ ያን ዕለት እፈርማለሁ» ብለዋታል።

በግንቦት ወር አጋማሽ፣ ማክሰኞ ቀትር ላይ መብራት ጠፋ። ረቡዕም አልመጣም፣ ሐሙስም አልመጣም። ታብሌቶቹ በቀራቸው ጉልበት እየተንገዳገዱ እስከ ዓርብ ቀትር ድረስ አንድ በአንድ አለቁ። ዓርብ፣ ግንቦት 15 ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የኮሪደሩ አምፖል በድንገት ቦግ ሲል ከየክፍሉ ጩኸት ተነሣ። ተማሪው ያለቀበትን ታብሌት ታቅፎ ወደ ሳጥኑ ተጋፋ።

አያልነሽ ሳጥኑን ከፍታ ልትቀበል ስትዘጋጅ መልእክት ደረሳት፤ ስለ ሰኞው የሞዴል ፈተና አስቸኳይ ስብሰባ አለ፣ አሁኑኑ። «በየቁጥራችሁ አስገቡ፤ ገመዱን በትክክል ሰኩ» አለችና ቁልፉን ይዛ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ፣ ጋሽ አንጁሎ፣ ቆብ አውልቀው ቆመው አገኘቻቸው።

«መምህርት፣ ስልኬ ሞተች» አሉ። «ሦስት ቀኗ። ትዕዛዝ ትናንት ሶዶ ሆስፒታል ገባ። ሊወልድ ነው። ወለደ ወይ፣ ሞተ ወይ፣ ማን ይነግረኛል?»

ጋሽ አንጁሎ በአማርኛ ሲናገሩ ሴትና ወንዱ ይቀላቀልባቸዋል። ትዕዛዝ የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ ሴት ልጃቸው ናት።

«ቢሮ ውስጥ መሰኪያ የለም?»

«ቢሮ ሁሉም መምህር ስልኩን ሰክቷል፤ የእኔን ማን ቦታ ይሰጣታል?» አሉና ሳቅ ለማለት ሞከሩ። «ጥበቃ ነኝ እንጂ መሰኪያ አልጠብቅም።»

ከስብሰባው ክፍል ስሟ ተጠራ። አያልነሽ እጇ ላይ ያለውን ቁልፍ አየችው፤ ከዚያ የሽማግሌውን ፊት።

«ይያዙት» አለች። «ልጆቹ አስገብተው ሲጨርሱ ባዶ ገመድ ካለ ስልክዎን ይሰኩ። ከዚያ ይቆልፉት።»

ስብሰባው ተጎተተ። ስትወጣ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ነበር። ከክፍሉ በር ላይ ሆና ገርበብ ባለው የሳጥኑ በር በኩል ቆጠረች፤ አሥር፣ አሥር፣ አሥር፣ አሥር። መዝገቡን አወጣችና በአርባው ቁጥሮች ፊት አርባ ምልክቶችን ከላይ ወደ ታች አወረደች፤ ከሥሩም ፈርማ እንደ ተገለጠ ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ጋሽ አንጁሎ ሳጥኑ አጠገብ እንደ ቆሙ ናቸው።

«ገና አልሞላችም» አሉ።

ከአስፋልቱ የሚኒባሱ ጥሩምባ ሁለት ጊዜ ተሰማ።

«ሲሞላ ያውጡትና ይቆልፉ። ቁልፉን ሰኞ ጠዋት ይሰጡኛል» አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሮጠች።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ አንጁሎ በር ላይ ጠበቋት። ቁልፉን ሲሰጧት ፊታቸው ሁሉ ጥርስ ሆኗል።

«ወንድ ነች!» አሏት። «ወንድ ልጅ ተወለደች! ዓርብ ማታውን ደወልኩ፤ ድምፁን ሰማሁ። ትዕዛዝም ደህና ነው።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አለች አያልነሽ እየሳቀች፤ ያን ሳቅ ይዛ ገባችና ሳጥኑን ከፈተች። የሞዴል ፈተናው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመራል። ታብሌቶቹን እያወጣች በየቁጥራቸው ጠረጴዛ ላይ ደረደረች። ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ አንድ።

በሦስተኛው መደርደሪያ ጫፍ ገመዱ ብቻ ተንጠልጥሏል።

እንደገና ቆጠረች። ከሳጥኑ ጀርባ፣ ከጠረጴዛው ሥር፣ ከመምህሩ መሳቢያ ውስጥ ፈለገች። ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው።

አቶ መክብብ ቢሮ ስትደርስ መዝገቡን ደረቷ ላይ አቅፋው ነበር። ምክትላቸው ወይዘሮ ፈጠነችም አብረዋቸው ተቀምጠዋል። ርዕሰ መምህሩ እስክትጨርስ አላቋረጧትም። ከዚያ መዝገቡን ተቀብለው የዓርቡን ገጽ ገለጡና ጣታቸውን በምልክቶቹ ላይ አወረዱ።

«ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አርባ ነበር።»

«አርባ ብዬ ፈርሜአለሁ» አለች አያልነሽ።

«ዛሬ ሠላሳ ዘጠኝ ነው። መስኮቱ አልተሰበረም፤ የሳጥኑም መቆለፊያ አልተነካም። ስለዚህ በቁልፍ የከፈተ ሰው አለ ማለት ነው።»

አያልነሽ ልትናገር አፏን ስትከፍት ወይዘሮ ፈጠነች ቀደሟት።

«እኔ ዓርብ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም ስወጣ ጋሽ አንጁሎ ሳጥኑን ሲቆልፉ አይቻለሁ። አያልዬ አብራቸው ያለች መስሎኝ ዝም ብዬ አለፍኩ።»

«አንቺ በዚያ ሰዓት ነበርሽ?» አሉ አቶ መክብብ።

«አልነበርኩም። ሚኒባስ ላይ ነበርኩ።»

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ቁልፉን ማን ሰጣቸው የሚል ነበር፤ አቶ መክብብ ግን እርሷን አልጠየቋትም። ጋሽ አንጁሎ ተጠሩ። ሽማግሌው ገብተው ከበሩ አጠገብ ቆሙ፤ ደስታው ገና ከፊታቸው አልወረደም ነበር።

«ጋሽ አንጁሎ፣ ዓርብ ሳጥኑን ከፍተዋል?»

«ከፍቻለሁ።»

«ምን ሊያደርጉ?»

«ስልኬን ላወጣ።»

«ቁልፉን ከየት አገኙ?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አያልነሽን አላዩም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፈተና መርሐ ግብር ተመለከቱ፤ ማንበብ ግን አይችሉም።

«አገኘሁት» አሉ።

«የት?»

ሽማግሌው ቆባቸውን በጣቶቻቸው መካከል አዟዟሩት።

«ማን ሰጠዎት?»

«ማንም።»

ከአያልነሽ ሁለት ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ «እኔ ሰጠኋቸው»። ሁለቱም ቃላት አጠገቧ ነበሩ፤ አላነሣቻቸውም።

«ከግቢው ሳይወጡ ይቆዩ» አሉ አቶ መክብብ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ፖሊስም ይመጣል። እስከዚያ ዕቃውን ያመጡ እንደሆነ በደንብ እንነጋገራለን። ካልሆነ ግን ከሥራ ይሰናበታሉ፤ የቀረውን ከሕግ ጋር ይጨርሳሉ።»

ሽማግሌው ቆባቸውን ደፍተው ወጡ። አቶ መክብብ መሳቢያውን ስበው አንዲት ወረቀት ብቅ አደረጉ፤ መልሰውም ከተቱ።

«አንቺን አልጠረጥርም፣ መምህርት። ደብዳቤሽን ፈተናው ሳያልፍም ዛሬውኑ ልፈርም አስቤ ነበር። ይህ ነገር ይጥራና እፈርማለሁ።»

የሞዴል ፈተናው ተራዘመ፤ ታብሌቱ እስኪገኝም ሳጥኑ እንዳይከፈት ታዘዘ። አያልነሽ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ወደ አሥራ ሁለተኛ «ሀ» ስትገባ ክፍሉ እንደ ተነካ ቀፎ ይጮኽ ነበር።

«ጋሽ አንጁሎ ሊማሩበት ወስደውት ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ለልጅ ልጃቸው ነው፤ ገና ዓርብ ተወልዶ ፈተና ሊፈተን።»

ሳቁ ክፍሉን ሞላው።

«ዝም በሉ!» አለች። በዚያ ክፍል ድምፅዋ ከፍ ብሎ ተሰምቶ አያውቅም፤ ሳቁ ወዲያው ተቆረጠ። ሰሌዳው ላይ የዕለቱን ርዕስ ጻፈች። ስትዞር ዓይኗ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አረፈ። የሠላሳ ቁጥር ተጋሪዎች ናኦል፣ ቢኒና ብሩክታይት ናቸው። ናኦልና ቢኒ ደብተራቸው ላይ አቀርቅረዋል። የብሩክታይት ቦታ ባዶ ነው።

ደወል ሲደወል ሁለቱን ኮሪደር ላይ አቆመቻቸው።

«ሠላሳ ቁጥርን ዓርብ ሳጥኑ ውስጥ ማን አስገባው?»

ናኦል ቢኒን አየ። ቢኒ ግድግዳውን አየ።

«ቲቸር፣ ምልክት አለን እኮ» አለ ቢኒ።

«ስለ ምልክት አልጠየቅሁህም። በእጁ ያስገባው ማነው?»

«ምልክቱን ያደረግሽው አንቺ ነሽ፣ ቲቸር። ገብቷል ብለሽ ነው እኮ ያደረግሽው።»

ቃሉ ውስጥ ድፍረት አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር።

«ብሩክታይትስ?»

«ለቅሶ ነው የሄደችው። ገሱባ፣ አጎቷ ጋ። ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ፈቃድ ጠይቃ» አለ ናኦል በዝግታ። ሊቀጥል አስቦ ነበር፤ ቢኒ ክንዱን ሳብ አደረገውና ሁለቱም ሄዱ።

በምሳ ሰዓት ጋሽ አንጁሎ ከበሩ አጠገብ ባለችው የጥበቃ ቤት ተቀምጠው ቦዬ የሚሉትን ሥራሥር ቀቅለው በሚያቃጥል ዳጣ ይበሉ ነበር። ሲያዩዋት ሰሐኑን ወደ እርሷ ገፋ አደረጉት።

«ብይ።»

«ጋሽ አንጁሎ፣ ዓርብ ስልክዎን የሰኩት የቱ ገመድ ላይ ነው?»

«ባዶ ገመድ ካለ ሰካ አላልሽኝም? ከላይ ፈለግሁ፣ ሁሉም ይዟል። ሦስተኛው ላይ፣ ዳር ያለችው ባዶ ነበረች። እዚያ ሰካሁ። ወዲያው በራች።»

አያልነሽ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ያየቻቸው አርባ መብራቶች አሁን ዓይኗ ላይ መጡ። አርባ ገመድ ነው ያለው። አርባው ታብሌት ቢገባ ኖሮ ለአንድ ስልክ የሚሆን ባዶ ገመድ አይኖርም ነበር። ሠላሳኛዋን መብራት ያበራት የሽማግሌው ስልክ ነው። ታብሌቱ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይም ሳጥኑ ውስጥ አልነበረም። ያን ቀላል ሒሳብ የባዮሎጂ መምህርቷ «ባዶ ገመድ ካለ» ስትልም አላሰበችው፤ ስትፈርምም አላሰበችው።

«ለምን አልተናገሩም?» አለች በመጨረሻ። «ቁልፉን እኔ እንደ ሰጠሁዎት ለምን አልነገሯቸውም?»

ጋሽ አንጁሎ ዳጣውን ከጣታቸው ጠረጉ።

«የትዕዛዝን ድምፅ የሰማሁት ባንቺ ነው። እንዲህ ላደረገልኝ ሰው ጣቴን ልቀስር?»

«ፖሊስ እየመጣ ነው እኮ!»

«ይምጣ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ እርሻዬ ላይ እገባለሁ። አንቺ እናትሽ ታማለች ይላሉ፤ ሶዶ ልትሄጂ ነው ይላሉ። ሂጂ።» ሰሐኑን እንደገና ገፋ አደረጉላት። «ቦዬው ይቀዘቅዛል፤ ብይ እንጂ።»

አልበላችም። ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተማረች፤ ምን እንዳስተማረች ግን ብትጠየቅ መመለስ አትችልም ነበር። ሽማግሌው «ሂጂ» ያሏት ቃል ከጆሮዋ አልወጣም። መሄድ ትችላለች። ማንም አይጠይቃትም። መዝገቡ ከእርሷ ጋር ነው፤ ሽማግሌው ከእርሷ ጋር ናቸው፤ ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ነው። ያንን ሁሉ ለማግኘት የሚጠበቅባት ዝም ማለት ብቻ ነው፤ ዝም ማለት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የያዘችው ነገር ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ፖሊስ ከግራቪሊያው ዛፍ ጥላ ሥር ወንበር ተሰጥቶት ተቀመጠ። ጋሽ አንጁሎ ከአጠገቡ ቆሙ። የወላጅ መምህር ኅብረት ሰብሳቢው አቶ ቦጋለ ከበዴሳ የከብት ገበያ በቀጥታ መጥተው ጫማቸው አቧራ ለብሷል።

«አንድ ታብሌት ፍለጋ ነው በሬ እየሸጥኩ የጠራችሁኝ?» አሉ ሲቀመጡ።

«ንብረት ነው፣ አቶ ቦጋለ» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«በሬውም ንብረት ነበር» አሉ።

አቶ መክብብ የተተየበ ወረቀት አወጡ። ለፖሊስ የሚሰጥ የኃላፊዋ ቃል ነው። ቃል በቃል አነበቡት።

«እኔ መምህርት አያልነሽ፣ ዓርብ ግንቦት 15 ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አርባውን ታብሌቶች በቁጥር ተረክቤ፣ ቆልፌ፣ ቁልፉን ይዤ የሄድኩ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።»

ወረቀቱን ከእስክሪብቶ ጋር ወደ እርሷ ገፉት። ከመስኮቱ ውጭ ጋሽ አንጁሎ ለፖሊሱ አንድ ነገር ሲነግሩት አየች፤ ስለ ልጅ ልጃቸው ይመስላል፤ በእጃቸው ትንሽ ርዝመት ያሳዩታል። ፖሊሱ ፈገግ አለ።

አያልነሽ እስክሪብቶውን አነሣች። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው።

«ይህን አልፈርምም» አለች።

«ምኑ ተሳሳተ? ቀኑ ነው?»

«ቀኑ ልክ ነው። በቁጥር አልተረከብኩም። እኔ አልቆለፍኩም። ቁልፉንም ይዤ አልሄድኩም።»

ወይዘሮ ፈጠነች ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቷን ነካ አደረጓት። «አያልዬ» አሉ በሹክሹክታ፣ «ደክሞሻል፤ ትንሽ ዕረፍት እንውሰድ።»

«አልደከመኝም፣ እትዬ ፈጠነች።» ወረቀቱን ወደ አቶ መክብብ መልሳ ገፋችው። «ቁልፉን ለጋሽ አንጁሎ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ስልካቸውን እንዲሰኩ የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በሩ ላይ ሆኜ መብራት ቆጠርኩ፤ ታብሌት አልቆጠርኩም። ከሚያዝያ ጀምሮ የማደርገው እንደዚያ ነው። ሠላሳኛዋን መብራት ያበራው ስልካቸው ነው። ሠላሳ ቁጥር ዓርብ ሳይገባ ነው የፈረምኩት።»

የአቶ መክብብ ፊት ቀላ።

«ጠዋት እዚህ ተቀምጠሽ፣ እኒያን ሰው እየጠየቅሁ፣ ይህን ሁሉ ታውቂ ነበር?»

«ቁልፉን እንደ ሰጠሁ አውቅ ነበር። መብራቱን ያወቅሁት ምሳ ሰዓት ላይ ነው።»

«እና ዝም አልሽ!»

«ዝም አልኩ።»

አቶ ቦጋለ ወንበራቸውን አስጩኸው ቀና አሉ። «እና ዕቃው የት ነው?» አሉ። «ሽማግሌው ጋ ካልሆነ ከልጆቹ ጋር ነዋ። የእነማን ነው ይሄ ሠላሳ?»

ናኦልና ቢኒ ተጠሩ። አያልነሽ ማንም ሳይጠይቃቸው ቀደመች።

«መዝገቡ ላይ ያለው ምልክት ስህተት ነው» አለቻቸው። «ሳላይ ያደረግሁት ነው። ምልክቱን እርሱትና እውነቱን ንገሩን።»

ቢኒ ወደ መሬት አቀረቀረ። የተናገረው ናኦል ነው፤ ሲጀምር ማቆም አልቻለም።

«ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ባትሪው አለቀ። ሰኞ ሞዴል አለ፤ መብራት ይምጣ አይምጣ ማን ያውቃል? የብሩክታይት አጎት ገሱባ ላይ ሶላር አለው። ለቅሶ ስለምትሄድ ‹ይዤው ልሂድና ሞልቼ ሰኞ ጠዋት አመጣዋለሁ› አለች። እኛም እሺ አልን። ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት መጣ፤ ማታ ስንወጣ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ባለው መዝገብ ቲቸር ምልክት አድርጋልን አገኘን። ‹ተረፍን› ብለን ዝም አልን። ዛሬ ትመጣለች ብለን ጠበቅን፤ አልመጣችም፤ ስልኳም አይሠራም። ጋሽ አንጁሎ ሲጠሩ ልንናገር ነበር። ግን ከተናገርን እስከ ፈተናው እንታገዳለን። ደንቡ ሳጥኑ ላይ አለ።»

አያልነሽ ደንቡን ቃል በቃል ታውቀዋለች።

የአጎቱ ስልክ ቁጥር በናኦል ደብተር ጀርባ ላይ ተጽፎ ተገኘ። አቶ ቦጋለ ከኪሳቸው ስልክ አውጥተው ደወሉ፤ በወላይትኛ «ሳሮ» ብለው በሰላምታ ጀመሩ፤ ስለ ሟቹ ጠየቁ፤ አጽናኑ፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ እስትንፋሳቸውን ይዘው ሲጠብቁም ስለ ዝናቡ ጠየቁ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«ሶላሩ አጠገብ በነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጀርባው ላይ ሠላሳ የሚል አለው። ልጅቷ ዛሬ ከቀብሩ ሦስተኛው ቀን ስለሆነ ዘመድ አለቅም ብሏት ነው የቀረችው። ነገ በመጀመሪያው መኪና ትመጣለች።»

አቶ መክብብ ተነሥተው መስኮቱ አጠገብ ሄዱ። ለፖሊሱ በእጃቸው ምልክት ሰጡት፤ ወንበሩን ወደ ጥበቃ ቤቷ መልሶ ወጣ። ጋሽ አንጁሎ ምን እንደ ሆነ ሳይገባቸው ወደ መስኮቱ ተመለከቱ። አያልነሽን አዩ። ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ፤ የማይታዘዝ ልጅ ላይ እንደሚደረገው።

«ውሳኔው ነገ ይነበባል» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ ሳይዞሩ።

ያን ዕለት አያልነሽ በሚኒባሱ የመጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሶዶ ገባች። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በእግሯ ኮቴ አወቋት።

«ዛሬ ቀስ ብለሽ መጣሽ» አሉ።

«አዎ እማዬ።»

«ደብዳቤው ተፈረመ?»

«አልተፈረመም።»

እናቷ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዋን ፈለጉ፤ አገኙት።

ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ብሩክታይት የለቅሶ ጥቁር እንደለበሰች ደረሰች። ታብሌቱን ከነጠላው ፈትታ በሁለት እጇ ለአያልነሽ ሰጠች። ዓይኖቿ አብጠዋል፤ ለሞተው ይሁን ለዚህ አይታወቅም። አያልነሽ ጀርባውን አገላብጣ ቁጥሩን አነበበች። ከዚያ ከፈተችው። መቶ በመቶ ይላል። ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት አርባ ታብሌቶች መካከል ሙሉ በሙሉ የሞላው እርሱ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ሳይሞሉ ዓርብ ማታ የጠፋው መብራት ሰኞ ለጥቂት ሰዓት መጥቶ ሌሊቱን እንደገና ጠፍቶ ነበርና።

አርባውንም እያነሣች፣ ቁጥራቸውን ጮክ ብላ እያነበበች መዘገበች። ብሩክታይት፣ ናኦልና ቢኒ አጠገቧ ቆመው ይሰሙ ነበር። ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

በአራት ሰዓት ኮሚቴው እንደገና ተቀመጠ። ጋሽ አንጁሎ በዚህ ጊዜ ወንበር ተሰጣቸው፤ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። አቶ መክብብ ቃለ ጉባኤውን ቆመው አነበቡ።

«አቶ አንጁሎ በሥራቸው ይቀጥላሉ፤ ትምህርት ቤቱም ይቅርታ ይጠይቃቸዋል። ሠላሳ ቁጥር ለሦስቱ ተማሪዎች ተመልሶ ይሰጣል፤ የሞዴል ፈተናው መብራት እንደ መጣ ይካሄዳል። ሳጥኑ በክፍሉ ውስጥ ይቆያል። የሳጥኑ ቁልፍና መዝገብ እስከ 2018 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፍጻሜ ድረስ በመምህርት አያልነሽ እጅ ይሆናል፤ የዝውውር ድጋፍ ደብዳቤያቸውም እስከዚያው አይፈረምም።»